ለአማርኛ መጻሕፍት አሳታሚዎችና ተርጓሚዎች፦ እነዚህን ሦስት መጻሕፍት አምጡልን

ጤና ይስጥልኝ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የውጭ ልቦለድ እያስተረጎማችሁ ለምታሳትሙ፣ ለምትተረጉሙ፣ «ቀጥሎ ምን እናውጣ?» እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው። ጥያቄዬ አጭር ስለሆነ ላስቀድመው። ሮሻኒ ቾክሺ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ አለች። እናቷ ፊሊፒናዊት፣ አባቷ ሕንዳዊ ናቸው። ያደገችው ጆርጂያ ነው፤ አትላንታ ያለችበት፣ የእኛም ሰው በብዛት የሚኖርበት ግዛት። ከ2019 እስከ 2021 ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት አወጣች። (በዚህ ደብዳቤ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) የመጀመሪያው «ዘ ጊልድድ ዉልቭስ» ይባላል፤ ለጊዜው «በወርቅ የተለበጡት ተኩላዎች» እንበለው። ሁለተኛው «ዘ ሲልቨርድ ሰርፐንትስ»፣ ሦስተኛው «ዘ ብሮንዝድ ቢስትስ» ነው። ፈቃዱን ግዙና አስተርጉሙልን።

ፋንታሲ ነው ስላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩ። እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ታሪኩ የሚካሄደው ፓሪስ ነው፤ ዘመኑ 1889። ከተማዋ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደግሳለች። የኤፍል ማማ ለዚሁ ድግስ ተሠርቶ ገና ቀለሙ አልደረቀም። በእኛ አቆጣጠር 1881 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዓመቱን ልብ በሉት። መጋቢት ላይ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ሚያዝያ 25 የውጫሌ ውል ተፈረመ። ፓሪስ ኤግዚቢሽኗን የከፈተችው በአራተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 29 ነው። ስለዚህ አንባቢያችን ይህን ዘመን እንደ ባዕድ አያየውም። እኛ በውጫሌ ስንዋዋል እዚያ ምን እየተደረገ እንደነበር ያያል።

ምን እየተደረገ ነበር? 32 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ በገባበት በዚያ ኤግዚቢሽን ለዕይታ ከቀረቡት አንዱ ሰው ነበር። ከቅኝ ግዛት የመጡ 400 ያህል ጥቁሮች «መንደር» ተሠርቶላቸው፣ ፓሪሳውያን እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው እየሄዱ ያዩአቸው ነበር። ደራሲዋ ይህን አልዘለለችውም። የሻምፓኙና የጭፈራው መጽሐፍ ነው፤ ግን ከግብዣው ማዶ ያ መንደር እንዳለ አትረሱም። ለፊሊፒኖችም ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1887 ስፔን ማድሪድ ላይ የፊሊፒን ኤግዚቢሽን ብላ የአገሩን ሰዎች አምጥታ አሳይታለች። ለዚያ ዝግጅት የተሠራው የመስታወት ቤት ሬቲሮ መናፈሻ ውስጥ ዛሬም ቆሟል፤ ቱሪስት ፎቶ ይነሳበታል። በ1904 ደግሞ ተራው የአሜሪካ ሆነ፤ ሴንት ሉዊስ ላይ ከ1,000 በላይ ፊሊፒናውያን ለዕይታ ቀረቡ። አሜሪካ ውስጥ ከፊሊፒናዊት እናት የተወለደች ደራሲ ይህን ዘመን ስትመርጥ በዘፈቀደ አይመስለኝም።

ወደ ምትሃቱ እንምጣ። በዚህ ዓለም የባቢሎን ግንብ ሲፈርስ ስብርባሪው በምድር ላይ ተበትኗል። ስባሪው ባረፈበት አካባቢ አንዳንድ ሰው ልዩ ችሎታ ይዞ ይወለዳል። አንዱ ብረትና እንጨት ያዝዛል፤ ሌላው የሰው አእምሮ ላይ ይሠራል። ስብርባሪዎቹን የሚጠብቅ የባላባቶች ምስጢራዊ ማኅበር አለ። ጥበቃው እንዳለ ሆኖ፣ ማኅበሩ ከየቅኝ ግዛቱ የተጋዘውን ቅርስ በየግምጃ ቤቱ ያከማቻል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ላይ የግርጌ ማስታወሻ የማያስፈልገው አንባቢ ካለ የአማርኛ አንባቢ ነው። ለተርጓሚው እረፍት ነው።

ዋናው ሰው ሴቨሪን ይባላል። አባቱ ፈረንሳዊ ባላባት፣ እናቱ አልጄሪያዊት። የአባቱ ቤት ወራሽ መሆን ነበረበት፤ ማኅበሩ አጭበርብሮ ነጠቀው። አሁን የታወቀ ሆቴል ባለቤት ነው። ቀን እንግዳ ይቀበላል፤ ማታ ቡድኑን ይዞ የማኅበሩን ግምጃ ቤት ይበረብራል። ከዚያ አንድ ባላባት መጥቶ «አንድ ዕቃ አምጣልኝ፤ ርስትህን አስመልስልሃለሁ» ይለዋል። የርስት ሙግት! አያቶቻችን ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ደጃፍ የጨረሱበት ጉዳይ ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ ይፈልጋል?

ቡድኑን ሁሉ አልዘረዝርም። ሁለት ሰዎች ላይ ግን ልቆይ።

አንደኛው ኤንሪኬ ነው። የታሪክ ምሁር፤ ግማሹ ስፔናዊ፣ ግማሹ ፊሊፒናዊ። ሌሎቹ ካዝና ሲሰብሩ እሱ ጥንታዊ ምልክት ያነባል፤ እንቆቅልሽ ይፈታል። ይቀልዳል፣ ይፈራል፣ ስለ ልብሱ ይጨነቃል። ሕልሙ «ላ ሶሊዳሪዳድ» የተባለ ጋዜጣ ላይ መጻፍና በአገሩ ምሁራን ዘንድ ከቁም ነገር መቆጠር ነው። ጋዜጣው ደራሲዋ የፈጠረችው እንዳይመስላችሁ። ስፔን ውስጥ የነበሩ የተማሩ ፊሊፒናውያን በ1889 መጀመሪያ ባርሴሎና ላይ ያቋቋሙት ነው።

ከእነዚህ ምሁራን ስመ ጥሩ ሆዜ ሪዛል ነው፤ ሐኪምም ደራሲም ነበር፤ ስፔኖች በ1896 ማኒላ ላይ ረሸኑት። እሱ ልቦለዱ ውስጥ ስላለ አይደለም የማነሳው። ኤንሪኬን ስታነቡ ከጀርባው የቆመውን ሰው እንድታውቁት ነው። ሪዛል ለንደን ሳለ በየጊዜው ብሪቲሽ ሙዚየም እየገባ፣ በ1609 የታተመ የአንድ ስፔናዊ ባለሥልጣን መጽሐፍ በእጁ ገለበጠ። ስፔን ሳትመጣም አገሩ የራሱ ሥልጣኔ እንደነበረው ከባለጋራው ጽሑፍ ሊያስረዳ ፈልጎ ነው። ከዚያም ማብራሪያውን እየጨመረ ፓሪስ ላይ አሳተመው። የኤንሪኬ ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የኤንሪኬ መጽሐፍ አንዳንዴ ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ነገርን ነገር ያነሳዋል። ሪዛል እዚያ ተቀምጦ በሚገለብጥበት ጊዜ፣ በዚያው ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ነበሩ።

ልቦለዱ ገና ሲጀምር ጨረታ አለ። ሴቨሪንና ኤንሪኬ አንድ የቻይና ኮምፓስ ሊያወጡ ጨረታ ቤት ገብተዋል። ያን ስታነቡ ደላንታ ትዝ ካላላችሁ ይገርመኛል። መቅደላ ከወደቀች በኋላ ዘረፋው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። ሁለት ቀን ጨረታ ተጫረቱበት። ከገዢዎቹ አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ባለሙያ ነበር፤ ገንዘብ ይዞ ነው ከሠራዊቱ ጋር የመጣው። አፄ ዮሐንስ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትን ጠየቁ፤ አንዱ ቅጂ ተመለሰላቸው። 11 ታቦታት ግን እስከ ዛሬ እዚያው ሙዚየም ናቸው፤ ለጎብኚ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። የማይታይ ነገር ምን ይሠራላቸዋል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቤታችሁ ውስጥ ካለ ይህ መጽሐፍ የእሱ ነው።

ፓሪስን ራሷንም ላንሳ። በ1932 አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ገባ። የግድግዳ ሥዕሎቹን አነሳ። በቦታቸው የቡድኑ ሠዓሊ የሣላቸውን ግልባጮች ለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ይህን ልቦለድ ውስጥ ብናነበው «አጋነነችው» እንል ነበር።

ላይላ የምትባል ሕንዳዊት አለች፤ ዕቃ ስትነካ የዕቃውን ታሪክ ታያለች። ማን እንደያዘው፣ ማን እንዳለቀሰበት፣ ከማን እንደተነጠቀ። አንድ የሙዚየም ዕቃ ሥር ከተለጠፈች ሦስት መስመር ወረቀት ይልቅ የላይላ ጣት የተሻለ ይናገራል። (ታቦት ግን ላይላም ብትሆን አትነካም። ትርጉሙ ላይ ማንም ሰው ይህን ሐሳብ እንዳያመጣ!)

ሁለተኛዋ ሰው ዞፍያ ናት። ፖላንዳዊት አይሁድ፤ የቡድኑ መሐንዲስ። ቁጥር ይገባታል፤ ሰው ግን ይከብዳታል። ቀልድ ሲነገር የሚሳቀው የቱ ጋ እንደሆነ አታውቅም። ስትጨነቅ በዙሪያዋ ያለውን ነገር ትቆጥራለች፤ ሻማ ከሆነ ሻማ፣ መስኮት ከሆነ መስኮት። ብስኩት የምትወደው ምንም ያልተቀባና ያላጌጠ፣ ነጣ ያለ ብስኩት ነው። ላይላ ይህን ታውቃለች፤ ትጋግርላታለች። ማንም ስለዚህ ንግግር አያደርግም። ደራሲዋ የበሽታ ስም አልለጠፈችባትም፤ ሌሎቹም አያዝኑላትም። ካለ እሷ በር አይከፈትም፣ በቃ። ቤቱ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያለው አንባቢ ዞፍያን ወዲያው ነው የሚያውቃት። በአማርኛ እንዲህ ያለች ልጅ የጀብዱ ታሪክ ውስጥ ገብታ፣ ሳትታዘንላትና ሳይሳቅባት፣ ሥራዋን ስትሠራ ማየት እፈልጋለሁ።

«የተለያየ ዘር ያላቸው ገጸ ባሕርያት» የሚለው ነገር አሁን አሁን ማስታወቂያ ሆኗል። ከየአገሩ አንድ አንድ ሰው ሰብስቦ ሽፋን ላይ መደርደር። እዚህ ግን የእያንዳንዱ ትውልድ ታሪኩን ያንቀሳቅሰዋል። ሴቨሪን የእናቱ አገር ሌላ ባይሆን ርስቱን አይነጠቅም ነበር። ኤንሪኬ ስፔኖቹ ዘንድ ፊሊፒናዊ፣ ፊሊፒኖቹ ዘንድ ስፔናዊ ባይሆን እንዲያ አይጓጓም ነበር። ሂፕኖስ የሚባለው ጥቁር ባላባት ደግሞ ማኅበሩ ውስጥ ወንበር አለው፤ ወንበሩ ላይ ግን ተደላድሎ መቀመጥ አልቻለም።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው ያደገችው። መጽሐፉን ያወቅሁት ከእሷ ሻንጣ ነው። ከሁሉም ኤንሪኬን ወደደችው። ለምን ብላት «ሁለቱም ቤት እንግዳ ነው» አለችኝ፣ በዚያ በሚጣፍጠው አማርኛዋ። እሷ በእንግሊዝኛ ታነባለች፤ ችግር የለባትም። እዚህ ያለው የአክስቷ ልጅ ግን ትምህርት ቤት በተማረው እንግሊዝኛ 400 ገጽ አይዘልቅም። ሁለቱ ስልክ ላይ ስለ አንድ መጽሐፍ ቢያወሩ ብዬ ተመኘሁ። ለዚያ የእናንተ እጅ ያስፈልጋል።

እንከኑን ደብቄ ላሻሽጥ አልፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይከብዳሉ። ስሙ ይበዛል፤ የምትሃቱ ሕግ በጥድፊያ ይነገራል፤ አራት የባላባት ቤቶችን መለየት ራሱ ሥራ ነው። ተርጓሚው መጀመሪያው ላይ የሰዎቹን ስም ዝርዝር ቢያስገባ ይመሰገናል። አንዳንዱ እንቆቅልሽ ደግሞ ሲፈታ «እንዴ፣ በዚህ ፍጥነት?» ያሰኛል። ሁለተኛው መጽሐፍ ወደ ሩሲያ በረዶ ይወስደናል፤ እዚያ ሴቨሪን ሐዘን ላይ ስለሆነ ያኮርፋል፤ ሲያኮርፍ ደግሞ ልክ የለውም። አንዳንዴ ተነስቼ ልቆጣው ምንም አልቀረኝም። ሦስተኛው ቬኒስ ላይ ነው፤ እዚያ ነፍስ ይዘራል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። እኔን ከፋኝም ደስም አለኝም።

አሁን እናንተ የምትሉትን ላንሳ።

«ፋንታሲ በአማርኛ አይሸጥም» ትላላችሁ። ተራራ ሲነሳና ሰው በደመና ሲሄድ በገድል እየሰማ ያደገ ሕዝብ ምትሃት ይከብደዋል ብዬ አላምንም። ይህ ከሁሉ በፊት የዘረፋ ታሪክ ነው፤ ዕቅድ፣ መደበቂያ፣ ክህደት፣ የመጨረሻ ሰዓት መክሸፍ። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት እየተሻማ ያነበበ ትውልድ አሁንም አለ፤ ልጅ ወልዷል። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ ወፍራም የአሜሪካ ልቦለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመበት አገር ነው። «አንባቢው አይችለውም» የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም።

«ይዘቱ ያስቸግራል» ትሉ ይሆናል። ይህንንም በግልጽ ልናገር። የኤንሪኬ ልብ ወደ ሴትም ወደ ወንድም ያዘነብላል፤ ታሪኩ ውስጥም በእሱና በሂፕኖስ መካከል ፍቅር አለ። አንዳንድ ቤት ይህን መጽሐፍ እንደማያስገባ አውቃለሁ። ልታሳትሙት ወይም ልትተዉት ትችላላችሁ፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዝምታ ቆርጣችሁ «ሙሉ ትርጉም» ብላችሁ እንዳትሸጡልን። ሽፋኑ ላይ ለታዳጊዎችና ለአዋቂዎች እንደሆነ ጻፉ። ወላጅ አንብቦ ይወስን።

«ወረቀት ተወደደ» ለሚለው መልስ የለኝም። እውነታችሁን ነው። ምናልባት ገበያውን መሞከር ከፈለጋችሁ ደራሲዋ ለአነስ ያሉ ልጆች የጻፈችው ሌላ ተከታታይ አላት። ባለታሪኳ አሩ ሻህ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ናት። አትላንታ ውስጥ እናቷ በምትመራው የሕንድ ጥንታዊ ቅርሶች ሙዚየም ትኖራለች። ለክፍል ጓደኞቿ የዋሸችው ሊጋለጥባት ሲል፣ እልህ ይዟት «አትንኪው» የተባለውን መብራት ትለኩሳለች፤ ከዚያ ዓለም ይቆማል። ከ2018 እስከ 2022 አምስት መጽሐፍ ወጥቶለታል። ከሕንዶች የማሃባራታ ተረት የተቀዳ፣ የሚያስቅ፣ ወላጅ ሳይሳቀቅ ለልጁ የሚያነበው ነው። በእሱ ብትጀምሩ አልቀየማችሁም። እኔ ግን ልቤ ያለው ፓሪስ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የአሜሪካውን እትም ያወጣው የማክሚላን ቤተሰብ የሆነው ዌንዝደይ ቡክስ ነው፤ የትርጉም መብት የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ ጀምሩ። ጻፉላቸው። ሳይፈቀድ መተርጎም እዚህ አገር የተለመደ ቢሆንም፣ ስለተሰረቀ ሀብት የሚያወራን መጽሐፍ ሰርቆ ማሳተም ያሳፍራል። ሦስቱንም አንድ ላይ ተዋዋሉ፤ አንደኛውን አውጥታችሁ ሁለተኛውን እንዳታስቀሩብን፣ በዚህ ስንት ጊዜ ተቃጥለናል። ለተርጓሚው በቂ ጊዜና ደህና ክፍያ ስጡት፤ የኤንሪኬ ቀልድ በጥድፊያ አይተረጎምም። ከተቻለ መግቢያው ላይ አንድ የታሪክ ባለሙያ ስለ 1881 ዓ.ም. ሦስት አራት ገጽ ይጻፍ፤ መተማን፣ ውጫሌንና ፓሪስን አንድ ላይ ያስቀምጥልን።

ረቂቁ ሲደርስ የሚያነብላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም። የእህቴ ልጅም የዞፍያን ክፍሎች ካላየሁ ብላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ